ቁምስና (የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን)

ቁምስና በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አጠራር በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተቋቋመ የምእመናን ማኅበረሰብ ነው። በጳጳሱ ሥልጣን ሥር ሆኖ የሚመራው ካህን ቆሞስ ይባላል። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር ለሕንፃው፣ ለግቢውና ለአካባቢው ምእመናን ሁሉ ያገለግላል፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ቁምስና ማለት በመጀመሪያ ሰዎቹ ናቸው።

በኢትዮጵያ ያሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች በሁለት ሥርዓተ አምልኮ ይከፈላሉ፦ የግዕዝ ሥርዓትና የላቲን ሥርዓት። በ1999 ዓ.ም. (2007 እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ያህል ነበሩ። ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም የቁምስናዎቹ ታሪክ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከነገሥታት፣ ከሚሲዮናውያንና ከአገሬው ካህናት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ ካቶሊክ የሆነ ኢትዮጵያዊ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ቅዳሴና በየትኛው የበዓል አቆጣጠር ያመልካል የሚለው ነው።

ስያሜ

ቁምስና የሚለው ቃል ቆሞስ ከሚለው የመጣ ነው። ቆሞስ ደግሞ መሪ ወይም አበ ምኔት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል ወደ ግዕዝ የገባ ማዕረግ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ የመነኮሳት ካህናት ማዕረግ ሲሆን፣ ምእመናን የሚገለገሉበት አካባቢያዊ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ወይም ደብር ይባላል። ካቶሊኮች ግን ቆሞስን ለአንድ አጥቢያ ኃላፊ ካህን፣ ቁምስናን ደግሞ ለአጥቢያው ይጠቀሙበታል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ለቁምስና የሚያገለግሉት ቃላት የተገኙት «ፓሮይኪያ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ትርጉሙም በእንግድነት መኖር ወይም አጠገብ መኖር ማለት ነው።

አመጣጥ

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ዘመናት የአንድ ከተማ ክርስቲያኖች በአብዛኛው በአንድ ጳጳስ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። ክርስትና ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ገጠር ሲስፋፋ ጳጳሱ በሁሉም ቦታ ሊገኝ ስለማይችል በእሱ ስም የሚቀድሱ ካህናት በየመንደሩ ተመደቡ። ቁምስና የተወለደው ከዚህ አሠራር ነው።

በ1215 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አራተኛው የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ አዋቂ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለገዛ ካህኑ እንዲናዘዝና በፋሲካ እንዲቆርብ ደነገገ። «የገዛ ካህን» የሚለው አባባል ምእመኑን ከአንድ ቁምስና ጋር አስተሳሰረው። ከ1545 እስከ 1563 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የትሬንት ጉባኤ ደግሞ ቆሞሳት በቁምስናቸው እንዲኖሩ፣ በየእሑዱ እንዲሰብኩና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ። ዛሬ ያለው አሠራር በላቲን ሥርዓት በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የቀኖና ሕግ፣ በምሥራቃውያን ሥርዓቶች ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ይመራል። የኢትዮጵያ የግዕዝ ሥርዓት ቁምስናዎች የሚገዙት በሁለተኛው ነው።

ታሪክ በኢትዮጵያ

የሮም ግንኙነትና ኢየሱሳውያን

ከሚሲዮናውያን መምጣት በፊት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ወደ ሮም ይጓዙ ነበር። በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያቸው ሆኖ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ተብሎ ይጠራል። በዚያ ይኖር የነበረው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. የግዕዝ አዲስ ኪዳን በሮም አሳትሟል። በኅትመቱ ውስጥ የቅዳሴ ጽሑፍም ተካቶ ነበር።

የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት በ1557 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በአድዋ አጠገብ ፍሬሞና በተባለ ቦታ ተቀመጡ። በ1603 እ.ኤ.አ. የመጣው ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋና ልማድ ተምሮ በትዕግሥት የሚያስተምር ሰው ስለነበር በቤተ መንግሥት ተቀባይነት አገኘ። በጎርጎራ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃም አሠርቷል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1625 እ.ኤ.አ. የደረሰው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተከተለው መንገድ የተለየ ነበር። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ በዓላትና አጽዋማትም በሮም አቆጣጠር እንዲከበሩ ጠየቀ። ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት አከባበርም ተከለከሉ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻም ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በ1638 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የመጡት ሁለት የካፑቺን መነኮሳት አጋታንጌሎስና ካሲያኖስም በስቅላት ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ የሚሠራ የካቶሊክ ቁምስና አልነበረም። የዚህ ዘመን ትዝታ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን በጥርጣሬ እንዲታዩ ዋና ምክንያት ሆነ።

ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስና የግዕዝ ቁምስናዎች

በጣሊያን ሳን ፌሌ በ1800 እ.ኤ.አ. የተወለደው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ ገባ። በሕዝቡ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ ተብሎ ይታወቃል። እንደ አገሩ መነኮሳት ለብሶ፣ ምግባቸውን በልቶና ቋንቋቸውን ተምሮ ኖረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሜንዴዝ ዘመን የተደረገውን አልደገመም፤ ካቶሊክ የሆኑት ምእመናን በግዕዝ ቅዳሴያቸው እንዲቀጥሉ አደረገ።

በ1841 እ.ኤ.አ. የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ ለማስመጣት ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ወደ ካይሮ ሄደ፤ የተወሰኑትንም አስከትሎ ወደ ሮም ተጓዘ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ መነኩሴና ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ከረጅም ምርምር በኋላ በ1844 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክህነት ተቀበሉ። በዓዲግራት አካባቢ በምትገኘው ጓላ የአገር ተወላጅ ካህናት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኢሮብ ሕዝብ መካከል የምትገኘው ዓሊቴናም ከቀደምቶቹ የካቶሊክ ማዕከላት አንዷ ሆነች።

ይህ እንቅስቃሴ ከጳጳሱ አቡነ ሰላማና በኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ተቃውሞ ገጠመው። ዩስጢኖስ በጎንደር ታስሮ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን እንዲተዉ ተገርፈውና በሰንሰለት ታስረው ከቆዩ በኋላ በነሐሴ 1855 እ.ኤ.አ. ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 እ.ኤ.አ. የብፅዕና ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ዩስጢኖስ በሐምሌ 1860 እ.ኤ.አ. በጉዞ ላይ ሳለ በዛሬይቱ ኤርትራ በሐላይ አጠገብ ሞተ፤ የተቀበረውም በሔቦ ነው። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስናውን ዐውጀዋል።

አቡነ ማስያስና የደቡብ ሚሲዮን

ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉሊየልሞ ማሳያ በኢትዮጵያ አቡነ ማስያስ በመባል ይታወቃሉ። በ1846 እ.ኤ.አ. ለኦሮሞ አገሮች ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በትግራይ ሲያልፉ ለዩስጢኖስ ደቀ መዛሙርት ክህነት ሰጡ፤ በ1849 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምጽዋ ዩስጢኖስን ራሱን ጳጳስ አድርገው ቀቡት። በጉዱሩ፣ በእናርያና በከፋ ምእመናንን አሰባሰቡ። የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተዋል፤ የፈንጣጣ ክትባት በመስጠትም ስመ ጥር ሆነዋል። በኋላ በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ቆይተው ሳለ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ በ1879 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጡ። በ1884 እ.ኤ.አ. ካርዲናል ተደርገው ተሾሙ።

የካፑቺን ሥራ በተከታዮቻቸው በሐረር ቀጠለ። በ1900 እ.ኤ.አ. ጳጳስ የሆኑት ፈረንሳዊው አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ የደጃዝማች ተፈሪ መኮንን (የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) የልጅነት መምህር ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የካቶሊክ ሚሲዮን ወደ ከምባታ፣ ሐድያ፣ ወላይታና ጉራጌ ተስፋፋ። በደቡብ አብዛኞቹ ቁምስናዎች የተመሠረቱት ሚሲዮናውያኑ በመጡበት በላቲን ሥርዓት ሲሆን፣ የሰሜኖቹ በግዕዝ ሥርዓት ቀጠሉ። ዛሬ በአገሪቱ ካርታ ላይ የሚታየው የሥርዓት ክፍፍል ከዚህ የመጣ ነው።

ከሚሲዮን ወደ ሀገረ ስብከት

በ1936 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ከሌሎች አገሮች የመጡ ሚሲዮናውያን እንዲወጡ ተደርጎ በጣሊያናውያን ተተኩ። በ1941 እ.ኤ.አ. ወረራው ሲያበቃ ጣሊያናውያኑም በተራቸው ወጡ። ብዙ ቁምስናዎች በአገሬው ካህናትና በትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥረት ብቻ ቆዩ። ካቶሊክነት ከወራሪው ጋር መያያዙ ያመጣውን ጥርጣሬ የተሸከሙትም እነዚሁ የአገር ልጆች ነበሩ።

በ1961 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ መንበር ተቋቋመ፤ የአስመራና የዓዲግራት ሀገረ ስብከቶችም በሥሩ ሆኑ። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳት አቡነ አሥራተ ማርያም ይመሩ ነበሩ። ተከታያቸው አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ። አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳሳት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ካርዲናል ሆነዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የእምድብር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከቶች በግዕዝ ሥርዓት ተመሥርተዋል። በዚያው 2015 የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የራሷ መንበረ ሊቀ ጳጳስ ተሰጥቷታል።

የላቲን ሥርዓት ቁምስናዎች ሐዋርያዊ ቪካሪያት በሚባሉ አስተዳደሮች ሥር ሆነው በቀጥታ ለሮም ተጠሪ ናቸው። ከእነዚህም ሐረር፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ነቀምት፣ ጅማ ቦንጋና ጋምቤላ ይገኙበታል። የሁለቱም ሥርዓት ጳጳሳት በአንድ የጳጳሳት ጉባኤ ይሠራሉ።

ሁለቱ ሥርዓቶችና የላቲን ተጽዕኖ

የግዕዝ ሥርዓት ከእስክንድርያ ትውፊት የወጣ ሲሆን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሥር አለው። በካቶሊኮች ዘንድ ጎልቶ ከሚታዩት ልዩነቶች አንዱ በቅዳሴው ውስጥ የሮማው ር.ሊ.ጳ. ስም መነሣቱ ነው።

ሥርዓቱ ቢጠበቅም ከላቲን ልማድ ብዙ ነገር ገብቶበታል። ካህናቱ የተማሩት ከአውሮፓ በመጡ መምህራን ስለነበር መቀመጫ ወንበር፣ ሐውልት፣ የፍኖተ መስቀል ሥዕሎችና ያለ ዜማ የሚነበብ አጭር ቅዳሴ በግዕዝ ቁምስናዎችም ተለመዱ። ሮም በበኩሏ ይህን ለመግታት የተለያዩ እርምጃዎችን ወስዳለች። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ በ1894 እ.ኤ.አ. ምሥራቃውያንን ወደ ላቲን ሥርዓት የሚያግባቡ ሚሲዮናውያን እንዲቀጡ አዘዙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ሰነድ ምእመናኑ ትውፊታቸውን እንዲጠብቁ፣ ከእሱ ርቀው ከሆነም ወደ አባቶቻቸው ልማድ እንዲመለሱ አሳሰበ።

ተግባራዊነቱ ግን ቀላል አይደለም። በመቁጠሪያና በፍኖተ መስቀል ጸሎት ያደገ ምእመን እነዚህን እንደ ባዕድ አያያቸውም፤ የራሱ የጸሎት ሕይወት ሆነዋል። በሌላ በኩል ግዕዝን የሚያውቁና ዜማውን የሚያደርሱ ካህናትና ዲያቆናት በሌሉበት ሙሉውን ሥርዓት ማካሄድ ያስቸግራል። ስለዚህ በብዙ ቁምስናዎች ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የአምልኮ ሕይወት

የእሑድ ቅዳሴ

የቁምስና ሳምንት የሚዞረው በእሑድ ቅዳሴ ዙሪያ ነው። በእሑድና በታዘዙ በዓላት ቅዳሴ መገኘት የምእመናን ግዴታ ሲሆን፣ ቆሞሱም በእነዚህ ቀናት አንዱን ቅዳሴ ስለ ቁምስናው ሕዝብ ማሳረግ አለበት።

በግዕዝ ሥርዓት ቅዳሴው የመግቢያውን ሥርዓተ ቅዳሴና ፍሬ ቅዳሴን የያዘ ነው። ከወንጌል በፊት ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባክ ካሰማ በኋላ ወንጌል ይነበባል። ከፍሬ ቅዳሴዎቹ በብዛት የሚሰማው ቅዳሴ ሐዋርያት ነው። ግዕዝ ከአማርኛ ወይም ከትግርኛ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል።

በላቲን ሥርዓት የእሑድ ቅዳሴ ብዙውን ጊዜ ከብሉይ ኪዳን የሚነበብ ንባብ፣ መዝሙር፣ የሐዋርያት መልእክትና ወንጌል አለው። ንባቦቹ በሦስት ዓመት ዙር ይለዋወጣሉ። እስከ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ድረስ ይህ ቅዳሴ በላቲን ቋንቋ ብቻ ይደረግ ነበር። ጉባኤው በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቋንቋዎችን ከፈቀደ በኋላ ቅዳሴው ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሐድይኛ፣ ሲዳምኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ገባ። ለደቡብ ቁምስናዎች ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ቀድሞ ካህኑ ብቻ የሚያነበንበውን ጸሎት ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው መመለስ ጀመረ። መዝሙሩም በየአካባቢው ዜማ፣ በከበሮና በጭብጨባ ታጀበ።

ምስጢራት

እንደ ማንኛውም የካቶሊክ ቁምስና ሰባቱ ምስጢራት ማለትም ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሓ፣ ቀንዲል፣ ክህነትና ተክሊል ይፈጸማሉ። በአፈጻጸም ግን ሁለቱ ሥርዓቶች ይለያያሉ። በምሥራቃውያን ሕግ ሜሮን ከጥምቀት ጋር ተያይዞ በካህኑ እጅ ይሰጣል፤ በላቲን ሥርዓት በልጅነት የተጠመቀ ሰው ሜሮን የሚቀበለው ከፍ ካለ በኋላ ሲሆን፣ የሚሰጠውም በአብዛኛው ጳጳሱ ነው። በዚህ ምክንያት ጳጳሱ ለሜሮን ወደ ገጠር ቁምስና የሚመጣበት ቀን ትልቅ በዓል ይሆናል። ጋብቻም በላቲን ትምህርት ተጋቢዎቹ እርስ በርስ የሚሰጣጡት ምስጢር ሲሆን በምሥራቃውያን ሥርዓት የካህኑ ቡራኬ የግድ አስፈላጊ ነው።

ለመጠመቅ የሚዘጋጅ አዋቂ ንኡሰ ክርስቲያን ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ በአብዛኛው በትንሣኤ ሌሊት ይጠመቃል። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ግን ዳግመኛ አይጠመቅም፤ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስን ጥምቀት እንደ እውነተኛ ጥምቀት ትቀበላለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ካመሰው የዳግም ጥምቀት ትእዛዝ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሰፊ ለውጥ ነው። የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች በሚጋቡበት አካባቢ ጉዳዩ የየዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ጋብቻ በካቶሊክ በኩል የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል።

የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት

በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ዋና ዋና በዓላትን የሚያከብሩት በአገሩ አቆጣጠር ነው። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11፣ መስቀል መስከረም 17 ይውላል። ትንሣኤም ከኦርቶዶክስ ወገኖች ጋር በአንድ ቀን ይከበራል። ሜንዴዝ የሮምን አቆጣጠር ለማስገባት ሞክሮ ያልተሳካለት ጉዳይ ዛሬ በተቃራኒው ተፈትቷል ማለት ይቻላል። በአንድ መንደር ያሉ ጎረቤታሞች በተለያየ ቤተ ክርስቲያን ቢያስቀድሱም አብረው ይጾማሉ፣ አብረው ይፈስካሉ።

በግዕዝ ሥርዓት የዐቢይ ጾም እሑዶች ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና በሚሉ ስሞቻቸው ይታወቃሉ። በላቲን ሥርዓት ጾሙ በግንባር ላይ ዐመድ በመቀባት ረቡዕ ቀን ይጀመራል። በጾሙ ዐርቦች ሕዝቡ ተሰብስቦ የክርስቶስን ሕማማት በ14 ምዕራፎች የሚያስታውሰውን ፍኖተ መስቀል ይጸልያል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ቁምስና የተሰየመበትን ቅዱስ ወይም ምስጢር በዓል በየዓመቱ ያከብራል። በዚያ ቀን ከሩቅ ያሉ ጸሎት ቤቶች ሳይቀሩ ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም በግቢው ማዕድ ይቀርባል።

ሌሎች ጸሎቶች

ከቅዳሴ ውጭ የመቁጠሪያ ጸሎት፣ የቅዱስ ቁርባን ስግደትና ኑዛዜ የተለመዱ ናቸው። የመቁጠሪያ ጸሎት በተለይ ካህን በሌለበት የገጠር ጸሎት ቤትና በለቅሶ ቤት ሰዎችን የሚያሰባስብ ጸሎት ነው። ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ቀብሩን የሚያስተባብረው ግን እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአብዛኛው እድሩ ነው፤ የእድሩ አባላትም ከተለያየ እምነት የመጡ ይሆናሉ።

አስተዳደር

ቆሞሱን የሚሾመው ጳጳሱ ነው። በሰፊ ቁምስና ረዳት ካህናት ሊኖሩት ይችላሉ። በአንዳንድ ቦታ አገልግሎቱን ለመነኮሳት ማኅበራት በአደራ መስጠት የተለመደ ነው። በላቲን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖረው ግዴታ ሲሆን፣ በሐዋርያዊ ሥራ የሚያማክር የቁምስና ምክር ቤት ደግሞ ጳጳሱ ሲወስን ይቋቋማል።

በገጠር አንድ ቁምስና በርካታ ጸሎት ቤቶችን ያቅፋል። ቆሞሱ ሁሉንም በየእሑዱ ማዳረስ ስለማይችል በተራ ይዞራል። እሱ በሌለበት ሕዝቡን ሰብስቦ ንባብ የሚያነብ፣ ልጆችን የሚያስተምርና የታመመ ሲኖር ካህን የሚጠራ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር አለ። በብዙዎች ዘንድ ካቴኪስት በመባል ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ ባለትዳርና ገበሬ የሆነ የመንደሩ ሰው ነው። ሚሲዮናውያን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከአገር በወጡበት ዘመን ቁምስናዎቹ ያልተዘጉት እንዲህ ባሉ ሰዎች ምክንያት ስለሆነ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የካቶሊክ ታሪክ ውስጥ ድርሻቸው ከካህናቱ ያልተናነሰ ነው።

መዛግብት

ሕጉ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ከእነዚህ ዋናው የጥምቀት መዝገብ ነው። አንድ ሰው ሜሮን ሲቀበል፣ ሲያገባ ወይም ክህነት ሲቀበል መረጃው ወደተጠመቀበት ቁምስና ተልኮ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ስለዚህ ሰውዬው የትም ቢኖር በቤተ ክርስቲያን ያለው ሁኔታ ከአንድ መስመር ላይ ሊነበብ ይችላል። ለማግባት የሚፈልግ ምእመንም ከዚያ መዝገብ የወጣ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል።

መዛግብቱ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ጥቅም አላቸው። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱ ብዙ ሰዎች የጥምቀት ካርድ ስማቸው፣ የወላጆቻቸው ስምና የትውልድ ቀናቸው የሰፈረበት ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። አብዛኞቹ መዛግብት በእጅ የተጻፉና አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው በመሆናቸው፣ እሳት፣ እርጥበት፣ ምስጥ ወይም ጦርነት አንዱን ሲያጠፋ የአንድ አካባቢ ሕዝብ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ትምህርትና ማኅበራዊ አገልግሎት

በብዙ የካቶሊክ ቁምስናዎች ግቢ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ይገኛል። ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን በአብዛኛው የሚመሩት ደናግል ናቸው። ተጠቃሚዎቹ ካቶሊኮች ብቻ አይደሉም፤ በብዙ ቦታ ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የደርግ መንግሥት መሬትና የግል ትምህርት ቤቶችን ሲወርስ ቁምስናዎች መተዳደሪያቸውን ጭምር አጥተዋል። ድርቅና ረኃብ በተከሰተባቸው ዓመታት፣ በተለይም በ1977 ዓ.ም.፣ ቁምስናዎች የእህል ማከፋፈያ ሆነው አገልግለዋል።

በቁምስናው ውስጥ ምእመናን በማኅበራት ይደራጃሉ። ከእነዚህ መካከል ድሆችን በየቤታቸው የሚጎበኘው የቅዱስ ቪንሰንት ዲ ፖል ማኅበር፣ የማርያም ሠራዊት፣ የወጣቶችና የመዘምራን ማኅበራት ይገኙበታል።

ከኢትዮጵያ ውጭ

በቫቲካን ግቢ የሚገኘው ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚመጡ ካህናትንና ተማሪዎችን ሲያስተናግድ ቆይቷል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድስ የኪዳነ ምሕረት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሌላቸው ከተሞች ምእመናኑ ብዙውን ጊዜ ከላቲን ቁምስና ሰዓት ተበድረው በወር የተወሰኑ ቀናት ያስቀድሳሉ። በሕጉ መሠረት የግዕዝ ሥርዓት ምእመን በላቲን ቁምስና ለዓመታት ቢገለገልም ሥርዓቱ አይለወጥም፤ ልጆቹም የወላጆቻቸው ሥርዓት አባላት ሆነው ይመዘገባሉ። በስደት አገር የተወለዱት ልጆች ግዕዙንም አማርኛውንም ሳይሰሙ ካደጉ ግን ይህ አባልነት በመዝገብ ላይ ብቻ የመቅረቱ ስጋት አለ። በዚህም ምክንያት በውጭ ያሉ ማኅበረሰቦች ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች ቋንቋና መዝሙር ያስተምራሉ።